የጨጓራ ካንሰር አበላሉ ሲታይ መጨረሻው ይታወቃል? ስለ ሜታቦሊዝም ጂኖች በቀላል አማርኛ

አክስቴ የጨጓራ ካንሰር እንዳለባት ያወቅን ሳምንት ቤታችን ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። ሁላችንም ስልካችን ላይ ተደፍተን ማንበብ ጀመርን፣ ከዛ ደግሞ ማሩ፣ ሻዩ በስኳር፣ ዳቦው፣ እንጀራው ሳይቀር ከፊቷ ተነሳ፣ ምክንያቱም አንዱ ዘመድ "ካንሰር ሚበላው ስኳር ነው፣ ካስራባችሁት ይሞታል" የሚል ቪዲዮ ልኮልን ነበር። በሶስት ሳምንት ውስጥ በጣም ከሳች፣ የጋብቻ ቀለበቷ እጇን ስትታጠብ እየወለቀ ያስቸግራት ጀመር፣ ኬሞ ልትጀምር ስትሄድ ሃኪሟ መጀመሪያ የጠየቋት ስለ በሽታው ሳይሆን "ምግብ ማን ከለከለሽ?" ብለው ነው።

ካንሰሩ ምን ይበላል ሚለው ጥያቄ ግን ዝም ብሎ የቪዲዮ ወሬ አይደለም፣ ከጀርባው እውነተኛ ሳይንስ አለ፣ ችግሩ እኛ ጋ ሲደርስ ተቆራርጦ መሆኑ ነው። ከዚሁ ሳይንስ የወጣ ሌላ ዜናም በየጊዜው እናያለን፦ ተመራማሪዎች የጨጓራ ካንሰር ውስጥ ያሉ የሜታቦሊዝም ጂኖችን አንብበው ታማሚው ወደፊት ምን እንደሚገጥመው የሚገምት ነጥብ ሰሩ የሚል። አርእስቱን ብቻ ያየ ሰው "በቃ ስንት ዓመት እንደምኖር በምርመራ ይነገረኛል" ብሎ ይደመድማል፣ ያ ደግሞ ለታመመ ሰውም ለቤተሰቡም ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከስሩ ልጀምር። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሜታቦሊዝም የክብደት መቀነስ ጉዳይ አይደል እንዴ?

ብዙዎቻችን ቃሉን የምንሰማው ጂም ቤት ነው፣ "ሜታቦሊዝሜ ቀርፋፋ ነው" ምናምን ሲባል። እዚህ ግን የምናወራው አንዷ ሴል ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። ሴል ምግብ ታስገባለች፣ ስኳር፣ ስብ፣ የፕሮቲን ፍርፋሪ፣ እና ያስገባችውን ለሁለት ነገር ትጠቀምበታለች፣ ከፊሉን አቃጥላ ጉልበት ታደርገዋለች፣ ከፊሉን ደግሞ እንደ ብሎኬትና ሲሚንቶ ለግንባታ ታውለዋለች። ይሄ ሁሉ ስራ አንድ ላይ ሲጠራ ሜታቦሊዝም ይባላል። እያንዳንዷን እርምጃ የሚሰራ ሰራተኛ አለ፣ ኢንዛይም ይባላል፣ እያንዳንዱ ኢንዛይም እንዴት እንደሚሰራ የተጻፈበት ደግሞ ጂን ነው። ሰው 20,000 ገደማ ፕሮቲን የሚያሰሩ ጂኖች አሉት፣ ከነሱ ውስጥ ከ2,000 እስከ 3,000 የሚሆኑት ስራቸው ከዚህ ምግብን የመቀየር ነገር ጋር የተያያዘ ነው። የሜታቦሊዝም ጂኖች ሲባል እነሱ ናቸው።

የካንሰር ሴል ከጤነኛው በምን ይለያል?

እርሾ ገብቶበት ሁለት ሶስት ቀን የቆየ የጤፍ ሊጥ ለምን ይኮመጥጣል? ውስጡ ያሉት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ስኳሩን እስከ መጨረሻው ሳያቃጥሉ ግማሽ መንገድ ላይ አሲድ አድርገው ስለሚተፉት ነው። ላክቲክ አሲድ ይባላል፣ እርጎንም የሚያኮመጥጠው እሱው ነው።

በርሊን ውስጥ ኦቶ ዋርበርግ የሚባል ሳይንቲስት በ1920ዎቹ የካንሰር ቁራጭ ወስዶ ሲመረምር ያየው ነገር ይሄን ይመስላል። ጤነኛ ሴል ኦክስጅን እያለላት ስኳሯን እስከ መጨረሻው ነው ምታቃጥለው፣ ከአንዲት የግሉኮስ ቅንጣት 30 ገደማ የጉልበት ሳንቲም ታወጣለች (ሳይንሱ ኤቲፒ ይለዋል)። የካንሰሩ ሴል ግን ኦክስጅን ሞልቶ እያለ ስኳሩን እንደ ሊጡ ያቦካዋል፣ ከአንዷ ቅንጣት ሁለት ሳንቲም ብቻ ይዞ ሌላውን በአሲድ መልክ ወደ ውጪ ይጥለዋል። እስከዛሬ የዋርበርግ ኢፌክት ሚባለው ይሄ ነው።

እንዲህ አባካኝ መሆን ምን ይጠቅመዋል? ዋርበርግ ራሱ የሴሉ ማቃጠያ ስለተበላሸ ነው ብሎ ያምን ነበር፣ በኋላ ግን አብዛኛው ካንሰር ውስጥ ማቃጠያው ደህና እንደሆነ ታወቀ። ዛሬ ያለው መልስ እንዲህ ነው፦ ካንሰር ዋና ስራው መባዛት ነው፣ ለመባዛት ደግሞ ከጉልበት እኩል የግንባታ እቃ ያስፈልጋል፣ ለአዲስ ሴል ግድግዳ ስብ፣ ለአዲስ ዲኤንኤ ጥሬ እቃ፣ ስኳሩን ሙሉ በሙሉ ካቃጠልከው ደግሞ ለግንባታ ሚሆን ነገር አይተርፍም። በዛ ላይ የሚተፋው አሲድ ራሱ ይጠቅመዋል። የጨጓራ ውስጠኛ ክፍል ድሮም አሲድ ነው፣ እኔ የምለው ግን እዛ ስለሚፈሰው አሲድ አይደለም፣ ካንሰሩ የበቀለበት ሥጋ ውስጥ፣ በሴሎቹ መሃል ስለሚጠራቀመው ነው። ካንሰርን ሊያጠቁ የሚመጡት የሰውነታችን ወታደር ሴሎች እንደዛ የኮመጠጠ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል።

ነገሩ በሁሉም ካንሰር አንድ አይነት አይደለም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። የጨጓራ ካንሰር በማይክሮስኮፕ ሲታይ በጥቅሉ ሁለት አይነት ነው፣ ይሄ ክፍፍል ከ1965 ጀምሮ ይሰራበታል፦ አንደኛው ተሰብስቦ እንደ እብጠት የሚያድግ፣ ሌላኛው እንደ ፈሰሰ ዘይት በጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ የሚሰራጭ። ስኳር የሚወስድ ቦታን የሚያበራው ፔት ስካን የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ ደህና አድርጎ ያሳያል፣ ሁለተኛውን ግን በተለይ ሲግኔት ሪንግ የሚባሉት ሴሎች ሲበዙበት ሳያየው ሊያልፍ ይችላል፣ ምክንያቱም ብዙ ስኳር አይወስድም። ስለዚህ "ካንሰር ስኳር በላተኛ ነው" ሚለው አባባል ለጨጓራ ካንሰር እንኳን ሁሌ አይሰራም።

ታዲያ ስኳር ብናቆምበት አይራብም?

አይራብም፣ የሚራበው በሽተኛው ነው። ሰው ምግብ ሲያቆም ጉበቱ ስኳር እየሰራ ወደ ደም ይለቃል፣ አንጎል ያለሱ ስለማይሆንለት፣ የተጠራቀመው ሲያልቅ ደግሞ ጡንቻ እየፈረሰ ወደ ስኳር ይቀየራል። ካንሰሩ ከዛው ደም ድርሻውን ይወስዳል፣ የቀረው አካል ይከሳል። የጨጓራ ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ ድሮም መብላት ይከብደዋል፣ ቶሎ ይጠግባል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ በጣም የከሳ ሰው ኬሞውንም ኦፕራሲዮኑንም የሚቋቋምበት አቅም ያጣል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ከሃኪሙ ጋር ይነጋገር፣ ሌላው ግን ምግብ እንዳይከለከል። የአክስቴ ነገር ስላቃጠለኝ ነው ይሄን ያህል የማሰፋው።

ጂን ሲታይ ምኑ ነው የሚታየው?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይምታታበታል። "ጂን ታየ" ሲባል ከእናት ካባት የተወረሰ ነገር ተገኘ ማለት ይመስለናል። እነዚህ ጥናቶች ግን በአብዛኛው የሚያዩት ካንሰሩ ውስጥ የትኛው ጂን በርትቶ እየሰራ እንደሆነ ነው።

ምግብ ቤት አስቡ። ሜኑው ላይ ያለው ዝርዝር ሁሌ ያው ነው፣ ክትፎም አለ፣ ሽሮም አለ፣ ተጋቢኖም አለ። ዛሬ ኩሽና ውስጥ ምን እየተሰራ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው ግን ሜኑ አያነብም፣ አስተናጋጆቹ ለኩሽና ያስገቡትን የትዕዛዝ ወረቀት ነው ሚቆጥረው። አርብ ቀን ሰላሳ በያይነቱና ሁለት ጥብስ ካገኘ ቤቱ በምን እንደተጠመደ ይገባዋል። ዲኤንኤ ሜኑው ነው፣ ትዕዛዙ ደግሞ አርኤንኤ ይባላል። ተመራማሪዎቹ ከካንሰሩ ቁራጭ ላይ አርኤንኤውን ይቆጥራሉ።

ለምሳሌ ግሉት ዋን የሚባለው ጂን ስኳር ወደ ሴል የሚገባበትን በር ያሰራል፣ ትዕዛዙ ከበዛ ሴሉ በር በበር ሆኗል ማለት ነው። ኤልዲኤችኤ የሚባለው ደግሞ የማቡካቱን የመጨረሻ እርምጃ የሚሰራውን ኢንዛይም ያወጣል፣ አሲዱ የሚመጣው ከዛ ነው። ኤፍኤኤስኤን ስብ ያሰራል፣ ለአዲስ ሴል ግድግዳ። ዝርዝሩ እንዲህ እያለ ይቀጥላል፣ ስሞቹን መያዝ አያስፈልግም፣ እያንዳንዳቸው ስለ ካንሰሩ ኩሽና አንድ ነገር እንደሚናገሩ ማወቁ በቂ ነው።

ቁራጩ ከየት ይመጣል? በኢንዶስኮፒ ጊዜ (ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራ ሲታይ) በቱቦው ውስጥ ገብታ ከጨጓራ ግድግዳ ላይ ቆንጠር የምታደርግ ትንሽ መቆንጠጫ አለች፣ ምታወጣው ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ሥጋ ነው፣ ኦፕራሲዮን ከሆነ ደግሞ ከወጣው ጨጓራ ላይ ይቆረጣል። ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፣ ከዛ በሰም ይታሸግና ብሎክ የሚባለው ይሆናል፣ ካንሰር ህክምና ውስጥ ያለፈ ቤተሰብ ሁሉ ይህቺን ብሎክ ያውቃታል። ከብሎክ ላይ አርኤንኤ ማውጣት ይቻላል፣ ግን አርኤንኤ ቶሎ የሚበሰብስ ነገር ስለሆነ ናሙናው ሳይታሸግ ከቆየ ወይ ብሎኩ ካረጀ ንባቡ ይደበዝዛል።

ነጥቡ እንዴት ነው የሚሰላው?

ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ጂፒኤ እንዴት እንደሚሰላ ያውቃል፣ እያንዳንዱ ኮርስ የራሱ ክሬዲት አወር አለው፣ ውጤትህ በዛ ይባዛና ሁሉም ይደመራል። የጂኑም ነጥብ በዚሁ መንገድ ነው የሚሰራው። እያንዳንዱ ጂን ክብደት ይሰጠዋል፣ የትዕዛዙ ብዛት በክብደቱ ይባዛል፣ ከዛ ይደመራል። ልዩነቱ አንዳንዱ ጂን ክብደቱ ከዜሮ በታች ነው፣ በበዛ ቁጥር ነጥቡን ይቀንሰዋል፣ ማለትም ለበሽተኛው ጥሩ ምልክት ነው።

ክብደቱን ማን ሰጠው? ዳታው ነው። አሜሪካኖቹ ዘ ካንሰር ጂኖም አትላስ በሚባለው ትልቅ ፕሮጀክታቸው በ2014 የ295 ሰዎችን የጨጓራ ካንሰር አንብበው በአራት አይነት ከፈሉት፣ በ2015 ደግሞ 300 የሚሆን ከኮሪያ የመጣ ናሙና ያለበት ሌላ ጥናት ወጣ። እነዚህና መሰሎቻቸው ለማንም ተመራማሪ ክፍት ናቸው፣ የጂን ንባቡም ሰውየው ከዛ በኋላ ምን ያህል እንደቆየም ተመዝግቦ አለ። ተመራማሪው በመቶዎች የሚቆጠሩ የሜታቦሊዝም ጂኖችን ይዞ ይጀምራል፣ ኮምፒውተሩ ምንም የማይናገሩትን፣ ተመሳሳይ ነገር የሚደግሙትን እየጣለ እየጣለ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 የሚሆኑ ይቀራሉ። ከዛ እያንዳንዱ በሽተኛ ነጥብ ያገኛል፣ መሃል ላይ መስመር ይሰመራል፣ ከላይ ያሉት ከፍተኛ ስጋት ከታች ያሉት ዝቅተኛ ስጋት ይባላሉ። በመጨረሻ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ደረጃ የሚመስሉ መስመሮች ይሳላሉ፣ አንዱ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፣ ሌላው ቀስ ይላል። ጋዜጠኛው አይቶ "መተንበይ ተቻለ" ሚለው ያን ስዕል ነው።

ስቴጁ አይበቃም ነበር?

ስቴጅ አሁንም ከሁሉ በላይ የሚናገር ነገር ነው። ካንሰሩ ግድግዳውን ምን ያህል ሰርስሮ ገባ፣ ስንት ንፍፊት ውስጥ ተገኘ፣ ወደ ጉበት ወይ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ ወይ፣ ይሄው ነው። አሜሪካ ውስጥ ካንሰሩ ጨጓራ ላይ ብቻ እያለ ከተገኘላቸው ሰዎች ለአምስት ዓመትና ከዛ በላይ የሚቆዩት 75 በመቶ ገደማ ናቸው፣ ወደ አካባቢው ንፍፊትና ሥጋ ከወጣ ከሶስት ሰው ከአንዱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሩቅ ቦታ ከደረሰ 7 በመቶ ገደማ ብቻ። ምንም የጂን ነጥብ ይሄን ያህል ሰፊ ልዩነት አያሳይም።

ግን ሁለት ሰው ተመሳሳይ ስቴጅ ላይ ሆነው፣ ያው ኦፕራሲዮን ተሰርቶላቸው፣ ያው ኬሞ ወስደው፣ አንዱ ከስምንት ወር በኋላ ሲመለስበት ሌላው ስምንት ዓመት ሲቆይ ይታያል። ለምን? ስቴጅ ካንሰሩ የት እንደደረሰ ነው የሚናገረው፣ ምን አይነት ጸባይ እንዳለው አይናገርም። የጂን ነጥቡ ሊሞላ የሚሞክረው ይህቺን ክፍተት ነው፣ ስለዚህ አንድ ጥናት ስታነቡ መጠየቅ ያለበት ነገር ነጥቡ ብቻውን ይሰራል ወይ ሳይሆን ስቴጁ ላይ ሲጨመር ምን አዲስ ነገር አመጣ ነው።

ምን ያህል ያገኘዋል?

ሁለት በሽተኞችን አስቡ፣ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ያረፈ። ነጥቡ ለቀደመው ከፍ ያለ ቁጥር ሰጥቶት ነበር? እንዲህ እየተባለ ጥንድ ጥንዱ ሁሉ ይቆጠራል። ሳንቲም በመወርወር ቢገመት ግማሹን ያገኛል፣ 0.5 ይባላል፣ ሁሉንም ያገኘ 1 ይባላል። የጨጓራ ካንሰር የሜታቦሊዝም ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.75 ባለው መሃል ነው ሚወድቁት። 0.7 አገኘ ማለት ከአስር ጥንድ ሰባቱን ልክ ገመተ፣ ሶስቱን ገለበጠው ማለት ነው። ስለ ሺ ሰው ሲያወሩ ይሄ ጥሩ መረጃ ነው፣ አልጋ ላይ ለተኛች አንዲት ሴት ግን "ከፍተኛ ስጋት ላይ ነሽ" ብሎ ለመንገር የሚበቃ አይመስለኝም።

ከዚህ የባሰም ችግር አለ። የዓምናውን ፈተና ሸምድዶ የገባ ተማሪ ጥያቄው ካልተቀየረ መቶ ያመጣል፣ ሲቀየር ግን ይወድቃል። ኮምፒውተርም እንደዛው ነው፣ በመቶዎች ጂኖች እና በጥቂት መቶ ሰዎች ላይ ስታሰለጥነው የሰዎቹን የግል አጋጣሚ ሁሉ ይሸመድደዋል። ለዛ ነው ነጥቡ ባልታየ ሌላ ናሙና ላይ መፈተን ያለበት። ችግሩ ክፍት የሆነው ዳታ ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጥናት የሚሰራው በነዛው ናሙናዎች ላይ ነው፣ አንዱ ቡድን 6 ጂን መርጦ ይወጣል፣ ሌላው 9 መርጦ ይወጣል፣ ዝርዝሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚጋሩት ስም በጣም ትንሽ ነው።

በ2011 ብራስልስ ያሉ ተመራማሪዎች በጡት ካንሰር ላይ የሰሩት አንድ ጥናት አለ፣ እኔን በጣም ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ጂኖችን በዕጣ ያለ ምንም ምክንያት እየሰበሰቡ ነጥብ ሰሩባቸው፣ አብዛኛው የዕጣ ነጥብ ሳይቀር የበሽተኞቹን ዕድሜ "ተነበየ"። ሰው ከበላ በኋላ ሲስቅ ደሙ ውስጥ ከሚለወጡ ጂኖች የተሰራ ነጥብ እንኳን ሰራ! ምክንያቱ ሲታይ በፍጥነት የሚባዛ ካንሰር ሺ ጂኖችን አንድ ላይ ስለሚያንቀሳቅስ የትኛውንም እፍኝ ብትዘግን የመባዛቱ ፍጥነት ውስጡ አለ። ስለዚህ የሜታቦሊዝም ነጥብ ሰራ ማለት ሜታቦሊዝሙ ነው ገዳዩ ማለት አይደለም፣ ፍጥነቱን በሌላ መስኮት አይተውት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቁራጩ ውስጥ ያለው ካንሰር ብቻ አይደለም። ጠባሳ የሚሰሩ ሴሎች አሉ፣ የደም ስር አለ፣ ወታደር ሴሎች አሉ፣ ሁሉም የየራሱን ትዕዛዝ ያስገባል፣ ማሽኑ ደግሞ ድምሩን ነው የሚያነበው። በነዚህ ነጥቦች ውስጥ ደጋግሞ ስሙ የሚነሳ ኤንኤንኤምቲ የሚባል ጂን አለ፣ ሲበዛ ብዙ ጊዜ መጥፎ ምልክት ነው፣ ግን አንድ ትልቅ ምንጩ ካንሰሩን የከበቡት የጠባሳ ሴሎች ናቸው። ይሄ ከንቱ መረጃ አይደለም፣ ካንሰሩ ምን አይነት ሰፈር ውስጥ እንደሚኖር ይናገራል፣ ብቻ "የካንሰሩ አበላል" ብሎ መጥራቱ ልክ ላይሆን ይችላል።

አሁን ሃኪም ቤት የሚሰራበት ነገር አለ?

የሜታቦሊዝም ነጥቡ ራሱ መደበኛ የጨጓራ ካንሰር ህክምና ውስጥ አልገባም። ሃኪሞች የሚያዙት ሌሎች ምርመራዎችን ነው፣ እነሱም "ምን ያህል ትቆያለህ" ሳይሆን "ይሄ መድሃኒት ላንተ ይሰራል ወይ" ሚለውን ነው የሚመልሱት። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፣ ለበሽተኛው ደግሞ ሁለተኛው ይበልጥበታል። ሄር 2 የሚባለው ፕሮቲን ከአምስት በሽተኛ በአንዱ ገደማ ይበዛል፣ ለነሱ ትራስቱዙማብ የሚባል መድሃኒት አለ፣ በ2010 በወጣው ጥናት ካንሰሩ ለተሰራጨባቸው ሰዎች ከኬሞ ጋር ሲሰጥ መካከለኛውን የመቆያ ጊዜ ከ11.1 ወር ወደ 13.8 ወር አሳድጎታል። ኤምኤስአይ የሚባለው አይነት፣ የዲኤንኤ ስህተት ማረሚያው የተበላሸበት፣ የሰውነትን ወታደሮች ለሚያነቃቃው ኢሚውኖቴራፒ ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። ክላውዲን 18.2 የሚባል ፕሮቲን ላለባቸው ደግሞ በ2024 ጃፓንና አሜሪካ አዲስ መድሃኒት አጽድቀዋል።

ብዙ ጂን ደምሮ ነጥብ መስጠትስ የትም አልተሳካም? ተሳክቷል። ጡት ካንሰር ላይ 21 ጂን የሚያነብ ምርመራ አለ፣ ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሆርሞን ተቀባይ ያለው፣ ሄር 2 የሌለው እና ወደ ንፍፊት ያልደረሰ ካንሰር ያላቸው ብዙ ሴቶች፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑት፣ ነጥባቸው መካከለኛ ከሆነ ኬሞ ባይወስዱም ምንም አልጎደለባቸውም። ልዩነቱ እዛ ጥናቱ የተሰራው ወደፊት ነው፣ መጀመሪያ ነጥቡ ተሰጠ፣ በነጥቡ ህክምናው ተወሰነ፣ ከዛ ዓመታት ተጠበቀ። ጨጓራ ላይም ኮሪያዎች በ2018 4 ጂን ብቻ የሚያነብ ምርመራ አውጥተዋል፣ ኬሞ ማን ይጠቀምበታል ሚለውን ከ600 በላይ በሆነ የድሮ የጥናት ናሙና ላይ ፈትነው፣ ጂኖቹ ግን ባብዛኛው ስለ ወታደር ሴሎችና ስለ ካንሰሩ ባህሪ የሚናገሩ እንጂ ስለ አበላል አይደሉም።

አንድ የሜታቦሊዝም ጂን ግን አሁንም የጨጓራ ካንሰር ታማሚን ህይወት ሊያተርፍ ይችላል፣ ብዙ አይወራለትም። ለጨጓራ ካንሰር ከሚሰጡት ዋና ኬሞዎች ፋይቭ ኤፍዩ እና የእንክብል ወንድሙ ካፔሲታቢን አሉ። እነዚህን ጉበት ውስጥ ሰብሮ የሚያስወግደው ኢንዛይም ዲፒዲ ይባላል፣ አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ ይሄ ኢንዛይም ያንሰዋል ወይ ጨርሶ የለውም፣ ለእሱ የተለመደው መጠን መርዝ ይሆንበታል። የአውሮፓ የመድሃኒት ኤጀንሲ በ2020 ከኬሞው በፊት ይሄ እንዲመረመር መክሯል። ይሄኛው ከካንሰሩ ሳይሆን ከራስ ሰውነት ነው የሚነበበው፣ ስለዚህ በደም ይታያል፣ በዘርም ይወረሳል።

ልጆቼስ?

የሜታቦሊዝም ነጥቡ የካንሰሩ ነው፣ ወደ ልጅ አይሄድም። በዘር የሚሄድ የጨጓራ ካንሰር ግን አለ፣ ጥቂት ነው። በ1998 ኒውዚላንድ ውስጥ በማኦሪ (የአገሩ ቀደምት ህዝብ) ቤተሰቦች ላይ ነው ሲዲኤችዋን የሚባለው ጂን ሲበላሽ ይሄን እንደሚያመጣ የታወቀው፣ ከዘመድ ውስጥ ብዙ ሰው በወጣትነቱ በዛ በሚሰራጨው አይነት የታመመበት ቤት ለሃኪም መናገር አለበት።

ይሄ ነጥብ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ይሰራል?

ክብደቱን የሰጠው ዳታ ነው ብያለሁ፣ ዳታው ውስጥ ያሉት ደግሞ በአብዛኛው ነጮችና የምስራቅ እስያ ሰዎች ናቸው፣ አፍሪካውያን ከጣት ቁጥር ብዙም አይዘሉም። እኛ ጋ ደግሞ የራሳችን ጥያቄ አለ። የጨጓራ ካንሰር ዋና መነሻ የሆነው ኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተመረመሩት ግማሽ ገደማው ላይ ይገኛል፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ባክቴሪያውን ካንሰር አምጪ ብሎ የመዘገበው በ1994 ነው። ግን አፍሪካ ውስጥ ባክቴሪያው እንዲህ ተስፋፍቶ የተመዘገበው ካንሰር አነስተኛ ነው፣ "የአፍሪካ እንቆቅልሽ" ይባላል። የባክቴሪያው ዝርያ ነው የሚሉ አሉ፣ አመጋገብ ነው የሚሉ አሉ፣ ኢንዶስኮፒ ሳያገኝ "ጨጓራዬን ነው" እያለ ኦሜፕራዞል እየዋጠ ያለፈ ሰው ስላልተቆጠረ ነው የሚሉም አሉ። የመጨረሻው ቢያንስ ከፊሉን ያስረዳል ብዬ አምናለሁ፣ ሁላችንም ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለፈ ሰው እናውቃለን። ደቡብ ኮሪያ ከ40 ዓመት በላይ ያለውን ሰው በየሁለት ዓመቱ እየመረመረች ካንሰሩን ገና ጨጓራ ላይ እያለ ስለምትይዘው ከታማሚዎቿ ከ75 በመቶ በላይ አምስት ዓመት ያልፋሉ፣ ያን ያመጣው ኢንዶስኮፒው ነው፣ ጂን አይደለም።

ስለዚህ ክብደቱ እየቀነሰ፣ ቶሎ እየጠገበ፣ ሰገራው እየጠቆረ፣ ሲውጥ እየተናነቀው ያለ ሰው ኢንዶስኮፒ ይፈልግ። ካንሰር የተገኘበት ደግሞ ሄር 2 እና ኤምኤስአይ ይሰራልኝ ወይ ብሎ ይጠይቅ፣ ሁለቱም ከዛችው ብሎክ ነው የሚሰሩት። ብሎኳን ከፓቶሎጂ ላብራቶሪው ስትቀበሉ አትጣሏት፣ ሰም ስለሆነች ሙቀት አትወድም፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ወይ መኪና ውስጥ አትተዋት። የአክስቴ ብሎክ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሄር 2 ሲታዘዝላት ከወንድሜ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ስሟና ቁጥሩ በእርሳስ ከተጻፈበት ትንሽ ፖስታ ነው የወጣችው፣ እሷም ያን ቀን ቁርሷን ጨጨብሳ በማር በልታ ነበር።